የአስፋልት ልብስ

«ነጭ ሸራ ጫማ ለምቾት ነው» ያለ ሰው ቡራዩን በክረምት አያውቃትም።

እንዲህ የምለው ተናድጄ ነው። ቦሌ የምትኖር አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ልብስ ትችልበታለች፣ ይህን አልክድም። በቀደም ቡና ስንጠጣ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «አንቺ ልጅ፣ ለምን ራስሽን ታስጨንቂያለሽ? ጅንስ፣ ነጭ ቲሸርት፣ ነጭ ስኒከር። በቃ! ቀለል ያለ፣ የሚመች፣ የሚያምር» አለችኝ፣ በጣቷ እየቆጠረች። እውነቷን ነው። እሷ ከቤቷ በር እስከ መኪናዋ በር የምትረግጠው ሴራሚክ ነው። ከመኪናዋ ወርዳ የምትረግጠውም የሌላ ሕንፃ ሴራሚክ ነው። እንዲህ ላለ ሰው ነጭ ጫማ ቀርቶ ነጭ ካልሲ ብቻውን ይበቃዋል።

እኔ ደግሞ ቡራዩ ነኝ፤ ከኬላ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ኮብልስቶኑ ቤቴ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ደክሞት ቁጭ ብሏል። ያቺን «ትንሽ» በሜትር የለካት የለም። እኛ የምንለካት በጫማ ነው፤ በበጋ የአንድ ጫማ መንገድ ናት፣ በክረምት የሁለት።

ጥፋቱ የዋልካው ነው። ጥቁር አፈር ዝናብ ከነካው ሰው ይወዳል፤ የያዘውን አይለቅም። በተራመድሽ ቁጥር ሶል ይጨምርልሻል። ፍላት አድርገሽ የወጣሽው ሴትዮ መሃል መንገድ ላይ ሳታስቢው ባለ ታኮ ሆነሽ ትገኛለሽ፤ ያውም ብዙ ጊዜ በአንድ እግርሽ ብቻ።

ስለዚህ የሰፈራችን ሴት ሐምሌ ላይ ጠዋት ስትወጣ ከወገብ በላይ የባንክ ሠራተኛ፣ ከጉልበት በታች ገበሬ ናት። ከላይ የተተኮሰ ሸሚዝና ኮት፤ ከታች ባት ድረስ የሚመጣ የላስቲክ ቦቲ። በአንድ እጇ ዣንጥላ፣ በሌላው ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ እውነተኛው ጫማ።

ቦቲው ከተማ አይገባም። አስፋልቱ ዳር ያለች አንዲት ሱቅ ውስጥ ነው የሚውለው። ባለሱቁን ጋሼ እንላቸዋለን። ከለስላሳው ሳጥን በስተኋላ አንድ መደርደሪያ ለቀውልናል። ቦቲው ሁሉ ጥቁር ስለሆነ እንዳይቀያየር አፉ ላይ በስተን ክር እናስርበታለን፤ የእኔ ቀይ፣ የጎረቤቴ የማሙሽ እናት ሰማያዊ፣ አስተማሪዋ ደግሞ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ጥለት አስራበታለች፤ እሷ በሁሉም ነገር አንድ ደረጃ ከፍ ማለት ትወዳለች። ጋሼ ኪራይ አይጠይቁም። ግን ቦቲ ያስዋለች ሴት ማታ ስትመለስ ምንም ሳትገዛ መሄድ ነውር ነው። ነውሩን ለማስቀረት ሁላችንም ክብሪት እንገዛለን። ቤቴ ያለው ክብሪት ሰፈሩን ሙሉ ያነድዳል።

መደርደሪያዋ ሌላም ሥራ አላት። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ አንድ ጥንድ ቦቲ ከቀረ ጋሼ ስልክ ይደውላሉ። «የኔ ልጅ፣ ቦቲሽ እዚህ ነው። ምነው፣ ደህና ነሽ ወይ?» ይላሉ። ባሎቻችን ገና ዜና እያዩ ነው፣ ጋሼ ግን ተጨንቀዋል። አንድ ክረምት የማሙሽ እናት ከባሏ ጋር ተኳርፋ እናቷ ዘንድ አደረች። ለማንም አልነገረችም፤ ባሏም ለማንም አልነገረም። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሽማግሌ ተመርጦ ነበር። ቦቲዋ አድሮ ተገኝቷላ!

የከተማ ልጆች ጫማ ስንቀይር እያያችሁ አትሳቁብን። በፈረንጆቹ 1980 ኒው ዮርክ ውስጥ የባቡርና የአውቶቡስ ሠራተኞች አድማ መትተው ከተማው አሥራ አንድ ቀን ያለ ትራንስፖርት ቀረ። የማንሃተን ሴቶች ምን አደረጉ? ሱፍ ልብሳቸውን እንደለበሱ ስኒከር አጠለቁ፤ ታኮ ጫማቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከትተው በእግራቸው ወደ ሥራ ተመሙ። አድማው አበቃ፣ ልማዱ ግን ቀጠለ። በሱፍ ጉርድ ላይ ስኒከር ማድረግ የሠራተኛ ሴት ዘይቤ ተባለ። እነሱ አሥራ አንድ ቀን ቢቸገሩ ፋሽን ወጣላቸው። እኛ የስንት ክረምት ባለሙያዎች ነን፤ እስካሁን የወጣልን ስም «ጭቃ ረጋጭ» ብቻ ነው።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከሌሎች ጋር ጠቅልሎ የያዘ ሸገር የሚባል ከተማ ተመሥርቷል። አዲስ አበባ የት ላይ ታበቃለች፣ ሸገር የት ላይ ይጀምራል የሚለው የባለሥልጣን ጉዳይ ነው፤ አልገባበትም። የሰፈራችን ሴቶች ግን የራሳቸው ካርታ አላቸው። ወረቀት ላይ ሰፍሮ አያውቅም፣ የሚጥሰውም የለም።

በዚህ ካርታ የመጀመሪያው ክልል የድሪያ ነው። ድሪያ መቼም የጅቡቲና የሶማሌ ሴቶች የሙቀት ልብስ ናት፤ ስስ፣ ሰፊ፣ ነፋስ የምታስገባ። ከሰበታ የሚነሳው የጅቡቲ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ተዘርግቶለት በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ድሪያ ግን ባቡሩን አልጠበቀችም፣ እሷ በምታውቀው መንገድ ቀድማ ገብታለች። እኛ ደግሞ ተቀብለን አሻሻልናት። ከሥሯ የቢጃማ ሱሪ፣ ከላይዋ ሹራብ፣ ከሹራቡ ላይ የባል ጃኬት፣ ከጃኬቱ ላይ ጋቢ። የጅቡቲ ሴት መጥታ ብታየን የራሷን ልብስ አትለየውም፤ ከቁርጭምጭሚታችን በላይ ብቅ የሚለው አበባ ካልጠቆማት በስተቀር።

ድሪያ ጎረቤት ድረስ ያለ ማብራሪያ ትሄዳለች። ሱቅ ድረስ ነጠላ ጣል ከተደረገባት አይከፋም። ወፍጮ ቤት ያወዛግባል፤ የማሙሽ እናት «ዱቄት ያለበት ሁሉ ቤት ነው» ባይ ናት፣ አስተማሪዋ ግን አትስማማም። አስፋልቱ ጋ ሲደረስ ክርክር የለም። አስፋልት ድንበር ነው። አስፋልት የተሻገረች ድሪያ ወሬ ናት።

አንድ ቀን አንዲት ሴት በድሪያ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደርሳ ቀጥ ብላ ቆመች። ማዶ አትክልት ሻጩ አለ። መንገዱ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም፣ መኪናም አልነበረም። እሷ ግን ጣቷን እንኳን አላሻገረችም። «ቲማቲም ስንት ነው?» ብላ ጮኸች። ዋጋውን ጮኾ ነገራት። «ቀንስ!» ብላ ጮኸች። ቀነሰ። «የበሰለውን እንዳታደርግብኝ!» አለች። ሻጩ ደንቡን ያውቃልና መዝኖ፣ በፌስታል ቋጥሮ፣ ራሱ ተሻግሮ አስረከባት። ገንዘቡን የተቀበለው በእሷ ክልል ውስጥ ገብቶ ነው።

ሙስሊሟ ጎረቤቴ በዚህ ሁሉ ሥርዓታችን ትስቅብናለች። እሷ ቢጃማዋን እንደለበሰች አባያዋን ከላይ ትደርብና መርካቶ ደርሳ፣ ዕቃዋን ሸምታ፣ ሻይዋን ጠጥታ ትመለሳለች። ድንበራችንን ሁሉ በቢጃማ አቋርጣ ማንም አያውቅባትም። «የምቾት ነገር ከተነሳማ» ትላለች ሻርፗን እያስተካከለች፣ «እናንተ ገና ፊደል ላይ ናችሁ።»

ከአስፋልት ወዲያ ጅንስ ነው። ዊንጌት ሲደረስ ከንፈር ይቀባል። ፒያሳ ላይ ቦርሳ ከጀርባ ወደ ሆድ ይዞራል። ቦሌ ምን እንደሚደረግ ጓደኛዬን ጠይቁ።

ታክሲ ሳያነሱ ስለ ምቹ ልብስ ማውራት ደግሞ ከንቱ ድካም ነው። ልብስ የሚነድፉ ሰዎች ሥራቸውን የሚሞክሩት ቆማ በምትራመድ ሴት ላይ ነው። የቡራዩ ሴት ቆማ የምትራመደው ጥቂት ነው፤ ከቤት እስከ ፒያሳ ያለውን ዕድሜዋን የምታሳልፈው ተጣጥፋ ነው። ሦስት ሰው በሚቀመጥበት አራተኛ ሆና፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ለአንድ ሰው!» እየተባለች። እዚያ ውስጥ ጠባብ ጉርድ አይሠራም፤ የሚኒባሱ መወጣጫ ከፍ ይላል፣ ከኋላሽ ደግሞ ሰልፍ አለ። ረጅም ቀሚስም አይሠራም፤ በሩ ይነክሰዋል። በሩ የነከሰው ቀሚስ ጫፉን ውጭ እያውለበለበ፣ ከኋላ የሚከተለው መኪና «ቀሚስ! ቀሚስ!» ለማለት ክላክስ እየነፋ ወደ አስኮ ሲወርድ ያየ ሰው ሙሽራ መጣች ይላል።

የሁሉም ክፉ ግን ቀበቶ ያለው ኮት ነው። የሱቅ መስኮት ላይ ሲታይ ያምራል። ታክሲ ውስጥ ግን ያ ቀበቶ ሁልጊዜ የሚገኘው አጠገብሽ የተቀመጡት ሰውዬ ሥር ነው። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ብድግ ይበሉልኝ» ብሎ ለማያውቁት ሽማግሌ መንገር ቀላል አይደለም። እሳቸውም ብድግ ለማለት ከጎናቸው ያለው ብድግ ማለት አለበት። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» ያሉት አበው ሚኒባስ ሳያዩ ነው።

ቀለምም የራሳችን ምርጫ አይደለም። መርካቶ ልብስ ሳገላብጥ ሻጩ «የት ሰፈር ነሽ?» ይለኛል። ቡራዩ ስለው ያነሳሁትን ክሬም ቀለም ሱሪ ቀስ ብሎ ከእጄ ይቀበለኝና ለሕመሜ መድኃኒት እንደሚጠቁመኝ ሐኪም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼኛው ይሻልሻል፣ ቆሻሻ ቻይ ነው» ይለኛል። ቆሻሻ ቻዮቹ የታወቁ ናቸው፤ ቡኒ፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ያልለየለት አመድማ። እኔ ግን ጠይም ነኝ። ቢጫና ብርቱካን ነው የሚያወጣኝ። ቡኒ በቡኒ ለብሼ ዋልካው ላይ ስቆም እኔ የት እንዳበቃሁ፣ መሬቱ የት እንደጀመረ አይታወቅም። በመጨረሻ ከራሴ ጋር ተስማማሁ፤ ከወገብ በታች ለመንገዱ፣ ከወገብ በላይ ለእኔ። ከታች ጥቁር ጅንስ፣ ከላይ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ ሹራብ፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም ቀይ ሻርፕ። ሻርፑ በጋ ሲሆን አፍንጫ ይሸፍናል፤ ያኔ ደግሞ አቧራው ተራውን ይረከባልና። በበጋ ባዶ እግሯን ቫዝሊን ተቀብታ ነጠላ ጫማ አድርጋ የምትወጣ ሴት አስፋልት ስትደርስ ካልሲ ለብሳለች።

እህቴ ሱሉልታ ናት። ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ ነው፤ እንጦጦ ደግሞ እቴጌ ጣይቱን ያሰለቸ ብርድ ያለበት ተራራ ነው። እቴጌይቱ ወደ ፍል ውሃ ወርደው፣ ሙቀቱን ወድደው፣ ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በዚህ የተነሳ ነው። ቤተ መንግሥት ሙሉ ማገዶ ያላቸው ሰዎች ጥለውት የወረዱትን ብርድ እህቴ ኪራይ ረከሰ ብላ ከተራራው ጀርባ ገብታ ተቀበለችው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ግድም ነው። ታኅሣሥ ላይ ማለዳ ሜዳው ውርጭ ያዝላል። ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሮ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ጃኬቱን መቆለፍ የሚጀምረው ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው።

ስለዚህ እህቴ ቱታ ትለብሳለች። ይሞቃል፣ ይለጠጣል፣ አይተኮስም። ልክ ናት። ችግሩ ሱሉልታ ውስጥ ቱታ ልብስ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ የሥራ መታወቂያ ነው። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ ያሠራው እዚያ ነው። ያያ ቪሌጅ የሚባለው የአትሌቶች ማረፊያም እዚያው ነው። ማለዳ ሜዳው ላይ ቀጫጭን ልጆች ተከታትለው ጭጋጉን ሰንጥቀው ያልፋሉ። እህቴ ቀጭን አይደለችም፣ ልጅም አይደለችም፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ግን ቱታ ለብሳለችና ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ «ምነው ሰሞኑን ውድድር የለም እንዴ?» ይሏታል። ደክሟት ዝግ ብላ ስትራመድ «ጉዳት ነው? አይዞሽ፣ ትመለሺበታለሽ» ይሏታል።

አከራይዋ ከሁሉም ባሰ። ሁለተኛ ቱታ የገዛች ወር ኪራይ ጨመረ። «አንቺ እኮ ነገ ዱባይ ማራቶን ዶላርሽን ታፍሺያለሽ» አላት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» ብትለው ፈገግ ብሎ «ደራርቱስ ብትሆን መጀመሪያ የገበሬ ልጅ ነበረች» አላት። ምን ይመለሳል?

ደራርቱ ከተነሳች አንድ ነገር ልናገር። ለኢትዮጵያ ሴት ቱታን በአደባባይ የፈቀደላት በእኔ እምነት እሷ ናት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኢላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ እናቴ ቴሌቪዥን ባለው ጎረቤት ቤት ቆማ አይታለች። ቁምጣ ሱሪ ለብሳ የምትሮጥ ሴት እያየች ያለቀሰችው እናቴ፣ እኛ ሱሪ ስንለብስ «የወንድ ልብስ» ትል የነበረችው እናቴ ናት። ከዚያ በኋላ ዝም አለች። ወርቅ ያመጣ ልብስ አይሰደብም።

ቱታው ላይ ደግሞ የታላቁ ሩጫ ቲሸርት ተጨመረበት። ሩጫው ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የሴቶቹ ብቻ የሆነው «ቅድሚያ ለሴቶች» በ1996 ዓ.ም. ተከተለ። ሮጥንም ተራመድንም ቲሸርቱ የእኛ ነው። ቲሸርት እንደ ሰው ማዕረጉ እየወረደ የሚሄድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የክት ነው፤ በሁለተኛው ለገበያ ይለበሳል፤ በሦስተኛው ሽንኩርት ይከተፍበታል፤ በአራተኛው ይተኛበታል፤ ከዚያ ወለል ይወለወልበታል። እህቴ ቤት መወልወያውን ገልብጬ የዚያን ዓመት ሩጫ የደገፈው ማን እንደነበር አነብባለሁ።

ሰበታ አክስቴ አሉ። ሰበታና ዓለም ገና ጨርቅ የሚሠራበት አገር ነው። አይካ አዲስ የሚባለው የቱርኮች ፋብሪካ ሲሠራ በነበረበት ጊዜ ለጀርመን ገበያ ቲሸርት ያወጣ ነበር፤ የአክስቴ ሰፈር ልጆች ማሽን ላይ ተቀምጠው ሰፍተውለታል። እንግዲህ ጀርመኗ ገዝታ ትለብሰዋለች። ሲሰለቻት ለተቸገረ ይድረስ ብላ ትሰጠዋለች። ልብሱ ቦንዳ ውስጥ ይታሰርና ዓለምን ይዞራል። ያገለገለ ልብስ አገር ቤት ማስገባት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሰልባጅ ግን ሕግ አላነበበም። አክስቴ ቅዳሜ ገበያ ላይ ክምሩ ጋ ቁጢጥ ይሉና ቲሸርቱን ገልብጠው ስፌቱን በጥፍራቸው እየዳሰሱ «ይቺ የእኛ ልጆች እጅ ናት» ይላሉ። ይሁን አይሁን ማን ያጣራል? ሻጩ ግን «የሰበታ ስፌት» ካሉት ዋጋው ስለሚወርድ ዝም በሉ ይላቸዋል።

በዚያ ገበያ አክስቴ አንድ ኮት ገዙ። ወፍራም፣ ውስጡ ፀጉር ያለው፣ ዚፑ እስከ አገጭ የሚደርስ፣ ብርቱካን ቀለም። ደረቱና ጀርባው ላይ መብራት ሲያርፍበት የሚያበራ ብርማ ጥብጣብ አለው። የየት አገር የምን ሠራተኛ ለብሶት እንደነበር እግዜር ይወቅ። አክስቴ ስለ ጥብጣቡ አልተጨነቁም። «ማታ መኪና ያየኛል» አሉ።

በሳምንቱ መንገድ በሚቆፈርበት በኩል ሲያልፉ አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረባቸው። «እመቤቴ፣ ይኼ መንገድ መቼ ነው የሚያልቀው?» አላቸው። አክስቴ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ ሌሎችም ከበቧቸው። አንዷ ውሃ ከተቆረጠ ሁለት ሳምንት መሆኑን አመለከተች። አክስቴ ሰው ማሳዘን አይወዱም። ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው «እስከ ሰኔ ይጠናቀቃል» አሉ። ሰዎቹ አመስግነው ተበተኑ። በኋላ ስንስቅባቸው «ምን አጠፋሁ? ትክክለኛው ኃላፊስ ቢጠየቅ ሌላ ምን ሊል ኖሯል?» አሉን። ሰኔ መጣ፤ መንገዱ አላለቀም። ሰውዬው ገበያ ውስጥ አግኝቶ አፋጠጣቸው። «የበጀት ጉዳይ ነው» አሉት።

ይህን ሁሉ ለብሰውም ለአክስቴ ልብስ ማለት ነጠላ ነው። ሌላው ብርድ መከላከያ ነው። «ቦርሳሽ ውስጥ ነጠላ አለ?» የሚሉኝ ከሰላምታቸው ቀጥሎ ነው። አለ። መኖር አለበት። ከከተማ ጠርዝ የሚመላለስ ሰው ቤቱ ደርሶ ልብስ ቀይሮ ወደ ለቅሶ የሚመለስበት ጊዜ የለውም። ሥራ ላይ እያለሽ ስልክ ይመጣል፤ የእገሌ አባት አረፉ። ያን ቀን ደግሞ ቢጫ ሹራብሽን ለብሰሻል። ነጠላዋን ታወጫለሽ፣ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ታዞሪያለሽ፣ ድንኳን ትገቢያለሽ። ሥሩ ምን እንዳለ የሚጠይቅ የለም። ስትወጪ ጥለቱ ወደ ታች ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ካለፍሽ መስቀለኛ ትሆናለች። ታክሲ ውስጥ የሚያንቀላፋ የሰው ልጅ ካቀፍሽ ብርድ ልብስ ናት። ዝናብ ከመጣ ራስ ላይ፤ ቲማቲም ካገኘሽ ጫፏ ዘንቢል። እሷን አጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ የሚከት ሰው ሁለት ልብስ መያዝ አያስፈልገውም።

ዓመት በዓል ሲሆን ብቻ ነው ብልሃታችን የሚያልቅብን። መስከረም አንድ ቀን ፀሐዩ ይወጣል፣ አደይ ይፈካል፣ ዋልካው ግን ክረምት እንዳለፈ ገና አልሰማም። ሽሮ ሜዳ ወርደን፣ ተከራክረን፣ ከሽፎንና ከፈትል ተማክረን የገዛነው ነጭ ቀሚስ አለ። ከሥሩ ምን ይደረጋል? ቦቲ ይደረጋል። ቀሚሱ በሁለት እጅ እስከ ጉልበት ተሰብስቦ፣ «እንኳን አደረሰሽ» በጩኸት፣ ከአጥር እስከ አጥር። በኢሬቻ ሰሞን ደግሞ ጎረቤታችን አዴ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ያሰፉትን ልብስ ለብሰው በዚያው በእኛ መንገድ፣ በዚያው ቦቲ ይወጣሉ። የሰፈራችንን የበዓል ፎቶ አልበም ያየ እንግዳ ምነው ሁላችሁም ከጉልበት በላይ ብቻ ተነሳችሁ ብሎ ጠይቆን ያውቃል።

ዘንድሮ ወሬው ሌላ ነው። ኮብልስቶኑ ደክሞት ከተቀመጠበት አንስቶ እስከ ደጃፋችን አስፋልት ይገባል ተብሏል። ቀያሾች መጥተው ችካል ተክለዋል። ወንዶቹ ስለ ቦታ ዋጋ ማውራት ጀምረዋል። ጋሼ መደርደሪያቸውን አየት አድርገው «እንግዲህ ያን ሁሉ ክብሪት ማን ሊገዛኝ ነው?» አሉ።

እኛ በቡና ላይ ያነሳነው ግን የድንበሩን ጉዳይ ነው። አስፋልቱ በራችን ላይ ከደረሰ ድንበሩ በራችን ሆነ ማለት ነው። ድሪያ ከግቢ አትወጣም። ቆሻሻ ለመድፋት ጅንስ ሊለበስ ነው? ሕፃን ከመንገድ ለመጥራት ፀጉር ሊሠራ ነው? አስተማሪዋ ጊዜ ወስደን ደንቡን ብናሻሽል አለች። ሙስሊሟ ጎረቤቴ ሳቀች። አዴ ግን ተቆጡ። «እኔ ከብት እየነዳሁ ያደግሁበት መንገድ ነው። ጥቁር ነገር አፈሰሱበት ብዬ ልብስ አልቀይርም» አሉ። እሳቸው ያምርባቸዋል፤ ዕድሜውም አላቸው።

የማሙሽ እናት ይህ ሁሉ ሲባል አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሁለተኛው ሲወርድ ተነስታ ጓዳ ገባችና ፌስታል ይዛ ወጣች። ከፌስታሉ ያወጣችው ድሪያ ነው፤ ግን ድሪያ አይደለም። ጥቁር ሰማያዊ ነው። እጅጌ አለው። ወገቡ ላይ በመጠኑ ገባ ብሏል። ከታች ክፍት ስላለው ደረጃ ያስወጣል። ግራና ቀኝ ዚፕ ያለው ኪስ አለው፤ ስልክና የታክሲ ብር ለየብቻ። «ይቺ» አለች ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ «የአስፋልት ድሪያ ናት። ለልብስ ሰፊው ራሴ ነግሬው ነው የሰፋልኝ።»

ጨርቁን ተቀባበልን፣ ዳሰስን። አያሳይም። አይጨማደድም። ቆሻሻ ቻይ ነው። ልበሺው አልናት፤ ከነሹራቧ ላይ ለበሰችው፣ አልጠበባትም። ዞረችልን። ሁለት እጆቿን ኪሷ ውስጥ ከታ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ አለች።

አዴ ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ።

«ስንት አለሽ?» አሉ።

ነገረቻቸው።

«ለአሮጊት ኪስ ሲያበዛ ይጨምራል?»

«አይጨምርም፣ አዴ።»

«ቅዳሜስ ይከፍታል?»